ደረቁን ገብስ እርጥብ ያለው ኮምፒውተር

ሰኞ
አስራ አንድ ጭነት ገብስ መለስኩ። አስራ አንድ! ሁሉንም ኮምፒውተሩ "እርጥብ" አለው። ፕሮግራሙን ለመጋዘናችን የሰራችው ልጄ ሊዲያ ናት፤ ቅዳሜ አዲሱን ጫነችልን። የበቆጂው ኦቦ ገመቹ ፍሬውን እፊቴ በጥርሳቸው ሰበሩት። ቀጭ!
"ይሄ እርጥብ ነው? ድሮ ነክሰህ ነበር የምትቀበል። ጥርስህን ለልጅህ ሰጠሃት?"
ተሰላፊው ሳቀ። ተናድጄ መለስኳቸው። አንድ ፍሬ እንኳ አልነከስኩም።

ማክሰኞ
ዛሬ ደግሞ ሁሉም "ደረቅ"! ጥርስ ስር የሚልመው ሳይቀር። ሊዲያ ላይ ጮህኩባት።
"አባዬ፣ ኮዱ ልክ ነው። ኮምፓይለሩ ነው የተሳሳተው።"
ኮምፓይለር የምትለው እሷ የጻፈችውን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው የሚቀይረውን ነው። ሰነፍ ገበሬ በሬውን ይሰድባል አልኳት። አለቀሰች። ንዴቴ ግን አልበረደም።
ያስጨነቁኝ፦
– ኃላፊው እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ፕሮግራሙም ልጅህም ይሰናበቱ ብሏል
– የኦቦ ገመቹ ገብስ ሜዳ ላይ ነው፤ በቆጂ ደምኗል
– ለልጁ አደላ መባሌ አይቀርም

ረቡዕ
ሚዛን ስጠራጠር አንዱን ጆንያ ሁለት ሚዛን ላይ አወጣዋለሁ። እንደዚያ አድርጊ አልኳት።
ፕሮግራሙ ሞጁል በሚባሉ ክፍሎች የተጻፈ ነው። አንዱ እርጥበት ያነባል፣ አንዱ ይፈርዳል። ኮምፓይለሩ መጨረሻ ላይ ሲያያይዛቸው ላፍጥን ብሎ ያሳጥራል። ያንኑ ኮድ አንዴ ከማሳጠሩ ጋር፣ አንዴ ያለሱ አሰራችው።
– ያለሱ፦ እርጥቡ እርጥብ፣ ደረቁ ደረቅ
– ከሱ ጋር፦ የጠዋቱን የመጀመሪያ ጭነት ያነባል፤ ይሄ ቁጥር አይለወጥም ብሎ ለቀሪው ሁሉ ያንኑ ይሰጣል
ሰኞ ቀድሞ የገባው እርጥብ ነበር። ማክሰኞ ደረቅ።
ለኮምፓይለሩ ሰሪዎች ጻፈችላቸው። "እናውቀዋለን" ብለው መለሱ። ያውቁታል! ታዲያ ምን አስቀመጣቸው? ደሜ ፈላ። ከነሱ ይልቅ ግን በራሴ። አንድ ፍሬ መንከስ ምን ያህል ነበር?

ሐሙስ
ሊዲያን ይቅርታ ጠየቅኳት።
"በሬው ነበር፣ አባዬ" ብላ ሳቀች።
ማሳጠሩን አጥፍታ ጫነችው። ኃላፊው ፕሮግራሙም ልጅህም ይቆዩ አለ፤ እኔ ግን ከየጭነቱ አንድ ፍሬ ልነክስ ፈረምኩ።
ኦቦ ገመቹ ጋ ደወልኩ። ትናንት በቆጂ ዘንቧል። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይምጡ" አልኳቸው። "ሸራ አልብሼዋለሁ። ከስር ረጥቦ እንደሆነ አንተው ትነክሰዋለህ" አሉና ዘጉት።
እመጣለሁ አላሉም። አይሱዙ በገባ ቁጥር እየተነሳሁ ነው።