ከሃና የመጣችው ጊደር

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለቤቴል፤

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ሸጋ? ትኩሳቱ ለቀቀሽ? ምግቡስ ይረጋልሻል? የጌታ ሰላም አልጋሽን ይክበበው። እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችን ደህና ነን። ፀጉሬ ረገፈ ብለሽ አልቅሰሻል አሉ። የእኔ ራስ ከተመለጠ ስንት ዘመኑ፤ አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰልኝም።

እናትሽ በስልክ ያልሻትን ነገረችኝ። በሞተ ሰው ምጽዋት መታከም አሳፍሮሽ፣ የመጨረሻውን ዙር መድኃኒት ሳትወስጂ ልትመጪ ነው። ሐኪሞቹ ግን ዙሩ ካልተጨረሰ በሽታው ይመለሳል ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ እህል አይወርድላትም።

ሟቹን አቶ ሉቃስን አንቺ አላየሻቸውም። ሃና በምትባለው ከተማ የወረዳ አስተዳዳሪ ነበሩ፤ ያረፉት በዚሁ በደም ካንሰር ነው። ለለቅሶዬ የሚመጣ ከብት እንዳይታረድ፤ ተሽጦ ግማሹ ለሚታከሙ፣ ግማሹ በሽታውን ለሚመራመሩ ይሁን ብለው ተናዘዙ። ሥጋ የለመድን ለቀስተኞች በንፍሮ ተሸኘን፤ እኔ ያለቀስኩት ለሟቹም ለቀረብኝ ሥጋም ነው። በስማቸው የተቋቋመው መታሰቢያ ይኸው እስከ ዛሬ በሽተኛ ያሳክማል፤ አንቺንም ጭምር፤ ሰዉም ከብት ማምጣቱን አልተወም።

በቀደም አንድ ሽማግሌ ከሃና ጊደር በአይሱዙ ጭነው መጡ። በእሳቸው አገር የደከመ ሰው የሚበረታው ከከብት አንገት የተቀዳ ደም ጠጥቶ ነው። ደሟ የታመመ ልጅ አለች ሲባል ሰምተው፣ ሳይገድሉ እየቀዱ ያጠጡልኝ አሉ። የመታሰቢያው ጸሐፊ አብኔር፣ ተሸጣ መድኃኒት ይገዛባታል ብሎ ቢያስረዳቸው፣ "ብር ይጠጣል ወይ?" ብለው ሳቁበት። እስክትሸጥ እኔ ግቢ ናት፤ ጎመኔን ጨረሰችው።

አይተውሽ የማያውቁ ሰው ይህን ሲያደርጉ መቀመጥ አቃተኝና የሟቹን ባለቤት ወይዘሮ ሚስጥርን ሄጄ አነጋገርኳቸው። በቀልድ ልጀምር ስል ዝም አሰኙኝ።

"ሉቃስ ሲታመም የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው የሚያውቅ አልነበረም" አሉኝ። "ዛሬ ሐኪሞቹ ከዚህች ልጅ ደም እየወሰዱ እየተማሩ ነው። ነገ ከኦሞራቴ ታሞ የሚሄድ ልጅ የሚድነው ከእሷ ባወቁት ነው። ታዲያ ሰጪዋ ማን ናት?"

ጥያቄያቸውን እንዳለ ጻፍኩልሽ። አንቺ መልስ ካለሽ ንገሪኝ።

እናትሽ ተናኜ ትስምሻለች። ወንድምሽ ምንተስኖት ናፍቆሻል፤ ግን አላልኩም በልልኝ ብሏል። የምታስታምምሽን ኤሊን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ባለቤቷንም ሰላም በዪልኝ።

ለመጨረሻው ዙር ብቻሽን አትገቢም። ከአርባ ምንጭ አልፌ የማላውቀው እኔ ሰኞ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። አጠገብሽ ተቀምጬ ነርሶቹን ሳስቃቸው እያየሽ ትውያለሽ። ብቻ ስመጣ እዚያው ላግኝሽ፣ ልጄ።

አጎትሽ መኮንን
ጂንካ፣ መጋቢት ፱ ቀን ፳፻፲፭ ዓ.ም.