በሕማማት የመጣ ፈቃድ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ጎረቤላ

ዛሬ ጠዋት የምራቴ የጽጌ የወር አበባ መጣ። ልጄ ደምሴ ወደ ሰሜን ግንባር ከተመለሰ ወዲህ፣ አርግዛ ይሆናል ብለን ሁለታችንም ተስፋ አድርገን ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ የለኝም።

በፈቃድ የመጣው በሕማማት ነው። ጾም ነውና እሱ መደቡ ላይ፣ እሷ ከእኔ ጋር ሲተኙ ሰነበቱ። አብረው ያደሩት የፋሲካን ማታ ብቻ ነው፤ ሰኞ ማለዳ የጦሩ መኪና ወሰደው። ጎረቤታችን ወይዘሮ በላይነሽ «ለጎበዝ አንድ ሌሊት መች አነሰው፤ ብቻ ክርስትናውን እንዳታስቀሩብን» ስትል ስቀን ነበር።

«እትዬ፣ መካን ሆኜ ይሆን?» አለችኝ ጽጌ።

«አይደለም» ብዬ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነርሷ መምህራችን ያስተማረችንን አስረዳኋት። የሴት ዕንቁላል በወር አንድ ጊዜ ይወጣል፤ የወንድ ዘር ካላገኘው በአንድ ቀን ውስጥ ይሞታል። የሚወጣውም አበባ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው። «ከፋሲካ ዛሬ ዐሥር ቀን ነው፤ ያንቺ በሕማማት ወጥቶ አልፎ ይሆናል» አልኋት። ላጽናናት ብዬ ነበር።

 «እንግዲያው ባንጾም ኖሮ ልጅ ይኖረኝ ነበር?» አለችኝ።

የካህን ልጅ ናት። አዎን ብላት ጾሟን እንድትጠላ አደርጋታለሁ፤ አይደለም ብላት እዋሻለሁ። ተነሥቼ ምድጃውን ቆሰቆስሁ።

ደምሴ ትቶት የሄደውን ጋቢ ጠረኑ እንዳይለቅ ብላ እስከ ዛሬ አላጠበችውም ነበር። አሁን ይዛው ወደ ምንጭ ወርዳለች።