ጽናት ለምን እናቷን ሳትጠይቅ ቀረች

ሳፊያዬ፣ ጎረቤታችን ገበያነሽ ደሴ ሄዳ ዓይኗን ኦፕራሲዮን ተደርጋ፣ ተመስገን፣ ማየት ጀመረች። ልጇ ጽናት ሳትጠይቃት ብትቀር ግን፣ «ከዚያ ሥራ ነቅዬ ነው የምወስዳት!» ብላ ኮምቦልቻ መድኃኒት ፋብሪካ ይዛኝ ወረደች።

ያንቺ ማር በገንቦ ተቀምጦ ነው የሚረጋው። እዚህ የመድኃኒቱ ፈሳሽ በቱቦ እየሄደ ይቀዘቅዝና እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ሆኖ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ከተዛባ ፍሬው ይተልቅና ቱቦውን ይደፍናል። አዲሱን ማሽን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ ጽናት ናት። ገበያነሽ በመስታወት አሻግራ ስታያት ቆይታ፣ «አራስ ይዛለች ለካ፤ ጥላት የት ትሄዳለች» አለች።

ሰይድንና ረውዳን ሳሚልኝ፤ ፖስት ካርዱ ሞላ። እህትሽ እታገኝ።

ጠርዙ ላይ ልጨምርልሽ፦ አሁን የገበያነሽ ወንድም በላቸው መጥቶ፣ «በይ ልጅቷን ይዘናት እንሂድ» ቢላት፣ «እሷ ከማሽኑ ስትነሳ አንተ ልትቀመጥበት ነው?» አለችው።