መጥፎ ደም

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለየሺአረግ፤
ለንደን

እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጄ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ካሴትሽ እስኪደርሰኝማ በጣም ደህና ነበርኩ።

ድምፅሽን ሰምቼ አለቀስኩ። «ደህና ነን እማዬ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ብለሽ ጨረስሽና ቴፑን ልዘጋ ስል ልጅሽ መናገር ጀመረች። ማጥፋቱን ረስተሽ ወጥተሻል መሰለኝ። ያውም በእንግሊዝኛ። ስንቴ ነው አማርኛ አስተምሪያት ያልኩሽ?

ወንድምሽ በዛብህ አሥራ ሁለተኛ ጨረስኩ እያለ ይኮፈስ የለ፣ በል ተርጉም አልኩት። ልጅቷ «ባድ» ከሚል ቃል ሌላ የምታውቅ አትመስልም። መጥፎ አየር አለ፣ መጥፎ ጥርስ አላት፣ መጥፎ ሕልም አየች። ከዚያ በዛብህ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «በእማዬና በአባዬ መሀል መጥፎ ደም አለ ትላለች» አለኝ።

እኛ ጋ በሁለት ሰው መሀል ደም አለ ከተባለ የተገደለ ሰው አለ ማለት ነው። ክው አልኩ። የባልሽ የሀብተ ማርያም ዘመዶች ናቸው የእኛን ሰው የገደሉት፣ ወይስ ከእኛ ነው ገዳዩ እያልኩ ዘመድ ስቆጥር ዋልኩ። በዛብህ ደግሞ የደም በሽታ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሽማግሌ ልለምን ሄድኩ። «ሟቹ ማነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ተያይተው «በይ ሟቹን አግኝተሽ ነይ» ብለው ሸኙኝ።

ስመለስ ጎረቤታችንን ዐስሊን አገኘኋት፤ የመን፣ ኤደን ከተማ እንግሊዞች ቤት ስትሠራ የኖረችውን። ካሴቱን አሰማኋት። «ወላሂ የሞተ የለም፣ እትዬ ወለተ» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግሊዝ እንዲህ የሚለው ሰውና ሰው ሲቀያየም ነው» አለችኝ።

በዛብህን ስረግም ውዬ አሁን የተናደድኩት አንቺ ላይ ነው። ነይ ግቢ እንዳልልሽ የወጣሽበትን መንገድ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሽማግሌ እንዳልልክ ባሕር አለ። እንግዲህ ይህን ደብዳቤ ለሀብተ ማርያም አንብቢለት፤ አማትህ ተቆጥታለች በይው። ልጅቷን እንዳትቆጫት፤ ከቤታችሁ እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። የእሷን እንግሊዝኛ እንኳ ዐስሊ ፈታችልኝ፤ የአንቺን «ደህና ነን» ማን ይፍታልኝ?

የልጅሽን ጥርስ እግዜር ይማርላት። ከመጥፎ ሕልም ይሰውራት። የናንተንም መጥፎ ደም ያጥራላችሁ።

እናትሽ
ወለተ ጊዮርጊስ