ዘበኛው ያወጧት ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የጸሎት ቤቱን ወንበሮች ደረደርኩ። ሰባ ሁለት። የአንዱ እግር ተሰብሯል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ደውሎ በትናንቱ ስብከት እንደተባረከ ነገረኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ስለ ጸጋ ሰብኬያለሁ ለካ... ባለቤቴን ከቀበርኩ አምስት ወር። አላለቅስም፣ አልጸልይም። አፌ ይንቀሳቀሳል፣ በቃ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የመልቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። እሑድ ሽማግሌዎቹን እሰበስባለሁ። መጸለይ ያቃተው መጋቢ ምን ይሠራል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በማታው የጸሎት ስብሰባ እንደ ልማዳችን ምእመኑ ሁሉ የጸሎት ርዕሱን ስሙን ሳይጠቅስ ወረቀት ላይ ጽፎ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ከዚያ እያንዳንዱ አንድ ወረቀት አወጣ። ለደረሰው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ይጸልያል፤ ማን እንደሆነ አያውቅም። እኔም ጽፌ ከተትኩ። ለምን? እንጃ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት ዘበኛችን ቢሮ ገቡ። አዛውንት ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። የደረሳቸውን ወረቀት ዘረጉልኝ።

"መጋቢ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።"

የእኔ ጽሑፍ። "ለታመመ ልጅ ነው" ልላቸው ነበር። ማን ያውቅብኛል? ግን እንዳለ አነበብኩት፦ "ሕዝብ እመራለሁ። መጸለይ አቅቶኛል። ምንም አይሰማኝም።"

"ምስኪን። እሱ ሥራውን ይሥራ፤ ጸሎቱን እኔ እይዝለታለሁ" ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ወጡ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ምንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በጠዋት ጸሎት ቤት ሄድኩ። የጥበቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ዘበኛው ተንበርክከው "ያ ሰውዬ... ያ ሰውዬ" ይላሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሱት። ቆሜ ሰማሁ። አላለቀስኩም።

ስለ ጸጋ ስሰብክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ሳይሠሩለት የሚሰጥ እላለሁ። ይኼ ይሆን?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሰበክሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይጠብቁኛል። ደብዳቤውን ሳላወጣ ስለ ተሰበረው የወንበር እግር ነገርኳቸው። "ለዚህ ነው የሰበሰብከን?" አለ ሰብሳቢው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሳጥኑ ሲዞር ዘበኛው እጃቸውን አላስገቡም። ሰው ከተበተነ በኋላ ለምን አዲስ እንዳላወጡ ጠየቅኳቸው። "ያኛውን ገና አልጨረስኩም" አሉ።

"ጋሼ፣ ሰውየው እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ፊደል ነው እንጂ ድምፅ መለየት አላቃተኝም።" ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ። "ዛሬስ ይሰማሃል፣ ልጄ?"

"አይ።"

"እሺ። ነገ መዶሻ ይዘህ ና፣ ያን ወንበር እንጠግነው።"

ደብዳቤውን ቀደድኩ። ቤት ገብቼ ተንበረከክሁ። ቃል አልመጣልኝም። ግን አልፈራሁም... ተይዞልኛል።