ከፒኮኩ እግር ሥር ያለው ቅጠል

ማክሰኞ፣ የካቲት 10፣ ቢቸና

ዛሬ ሞጣ ደርሼ መጣሁ፤ ምነው በቀረብኝ። አብራኝ ስፌት የተማረችው አስካለ ሱቅ በር ላይ፣ ቁርጥ የኔን የሚመስል አልጋ ልብስ ተሰቅሏል። ፒኮክ ወፍ የታተመበትን ጨርቅ መሐል አድርጎ ዙሪያውን በቁርጥራጭ መክበብ የኔ ሐሳብ ነበር። ቤቴ መጥታ ስታየው፣ «ይሄን ድሪቶ ማን ይገዛልሻል?» ብላ ስቃብኝ ሄዳለች።

«ከየት አገኘሽው?» አልኳት።

«ከስልክ ላይ ነዋ፣ እቴ!» አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

የኔው ከፒኮኩ እግር ሥር በካውያ ተቃጥሎብኝ፣ ቀዳዳውን ከቀይ ጨርቅ በቆረጥኩት ቅጠል ሸፍኜው ነበር። የሷም እዚያው ቦታ ላይ ቀይ ቅጠል አለው። የቅጠሉ ጠርዝ ገና አልተሰፋም። ገለጥ ባደርገው፣ ሥሩ ደህና ጨርቅ ነው።

ቅጠሉን መልሼ ወጣሁ። ቃጠሎዬን እንኳ አልተወችልኝም።