ለማውራት ቆመች

ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እታለም? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ እዚያም ተከትሎሽ ሄደ? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ትንሽ ደከም አለ እንጂ እጄ አሁንም ቀጥ አድርጎ ይሰፋል። አድራሻሽን የሰጠችኝ የድሮ የክፍል ጓደኛሽ፣ ነርሷ ናት። ለምኜ ለምኜ በመጨረሻ ጻፈችልኝ። ስለ ኑሮሽ ስጠይቃት ግን ሌላውን እሷው ትንገርሽ ብላ ቦርሳዋን አነሣች። እኔም አልገፋሁም።

የምጽፍልሽ ስለ አባባ ነው። አትደንግጪ፣ አለ። ዝናቡ ሳይገባ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። ሆስፒታል ሰነበትን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አፉም ዝም አለ። ቤት ከገባን በኋላ አንድ ከሰዓት ትራሱን ሳስተካክልለት ዓይኑን ገለጠና በጠራ ድምፅ «ኪፕ ኪኪንግ» አለኝ። በእግርሽ መምታትሽን ቀጥዪ፣ እንዳታቆሚ ማለቱ ነው።

የእኛው ቋንቋ ሁሉ ጠፍቶበት፣ ዕድሜውን ሙሉ በሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ዳር የእንግዳ ልጆችን ዋና ሲያስተምር የለቃቀመው እንግሊዝኛ ብቻ ቀረለት። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ያጋጥማል አለን። ሊላጨው የሚመጣው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ፣ ጋሼ ፓስፖርት ሳያወጣ ፈረንጅ አገር ገባ ብሎ ሲስቅ አባባ ምላጩ ሥር ሆኖ «ኖ ቶኪንግ» አለው። ማውራት ክልክል ነው። ሰውዬው ሳቁን ዋጠ።

መኝታ ቤቱን አሁን ብታዪው አታውቂውም። የስፌት መኪናዬን አልጋው አጠገብ አስጠግቼ መጋረጃ የምሰፋው እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በተዘረጋው ሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ ስታልፍ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የአባባ ፊት ሳይቀር ውሃ ውሃ ይመስላል። እሱም የሚናገረው ያኔ ነው። ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አየሩን ቀስ እያለ ይቀዝፋል። «ጎ ስዊሚንግ» ይላል፤ ሂጂ ዋኚ። «ስታርት ብሪዚንግ» ይላል፤ መተንፈስ ጀምሪ። ሾርባ ይዤ ስጣደፍ «ኖ ረኒንግ» ይለኛል፤ አትሩጪ። አንዳንዴ ድምፁ ከመኪናዬ ድምፅ ጋር ይገጥምና የምሰፋ ሳይሆን የምዋኝ ይመስለኛል። ቀና ስል ጨርቁ ጉልበቴን አልፎ ወለሉ ላይ ፈስሷል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ይደጋግም ነበር። በሩን እያየ «ሺ ስቶፕድ» ይልና «ቶክ» የሚል ነገር ያስከትላል። እኔ በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ፣ ማውራት አቆመች፣ አኮረፈችኝ ማለቱ መስሎኝ ነበር። አንቺን መሆኑ አልጠፋኝም። የሄድሽ ዕለት ራት ላይ የነገረኝም ይኸንኑ ነበር። ሳታናግረኝ ሄደች አለና ሳህኑን ገፋው፤ ከዚያ ወዲያ ያንቺ ነገር በቤታችን አልተነሣም። አሁንም ተኝቶ ይወቅሳታል ብዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ በሁለታችሁም ተናደድኩ።

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የእንግሊዝኛ አስተማሪ የነበሩ ጡረተኛ ሴትዮ አሉ። የገቡት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ አታውቂያቸውም። ድምፁን በመስኮት ይሰሙ ኖሮ፣ አንድ ቀን መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። እንግሊዝኛ ግሦችን እጅ ለእጅ ያያይዛል አሉኝ። የፊተኛው ይመራል፣ የኋለኛው ኢንግ የምትል ጅራቱን እየጎተተ ይከተላል። ኪፕ ከቀደመ ሥራው አይቋረጥም፤ ስታርት ከቀደመ ይጀመራል፤ ጎ ከቀደመ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጨዋታ መሄድ ነው። ስቶፕ ላይ ግን ተጠንቀቂ ልጄ አሉ። ከስቶፕ በኋላ ባለጅራቱ ግሥ ከመጣ ያ ነገር ቀረ ማለት ነው። ጅራቷ ቀርታ መሀል ላይ ቱ ከገባች ግን ሰውየው ያንን ሊያደርግ ብሎ ቆመ ማለት ነው። በእኛም እኮ ማውራት አቆመች ሌላ ነው፣ ለማውራት ቆመች ሌላ ነው አሉ።

ይህን ሲሉ አባባ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አወረደ።

አስተማሪዋ ጎንበስ ብለው «ሺ ስቶፕድ ቶኪንግ?» ብለው ጠየቁት። ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። በግራ እጁ ፍራሹን መታ መታ አደረገና «ቱ ቶክ» አለ። «ሺ ስቶፕድ ቱ ቶክ።» የት ብለው ጠየቁት። «ጌት» አለ፤ የገንዳው በር። አንተስ ምን አደረግህ አሉት። እኔ መኪናዬን አቁሜ ነበር፤ ጨርቁ ብቻ በነፋሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ «አይ ኬፕት ቲቺንግ» አለ። ማስተማሬን ቀጠልኩ ማለት ነው። ሳይተረጉሙልኝ ገባኝ።

ፊሽካውን በአፉ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶሽ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሆድ በመዳፉ ደግፎ ውሃ ላይ ሲያንሳፍፍ ይታየኛል። አንቺ የሽቦውን በር ይዘሽ፣ ሻንጣሽ እግርሽ ሥር ሆኖ። ምን ያህል ቆየሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ሳትሰናበት ሄደች እያልኩ ስቀየምሽ፣ አንቺ ለካ ቆመሽ ነበር።

ጨረሰ ብለን ስንነሣ አንድ ነገር ጨመረ። «ሺ ዎዝ ካሪዪንግ» አለ። ተሸክማ ነበር ማለት ነው አሉኝና አስተማሪዋ ወደ እሱ ዞረው፣ ምን ተሸክማ፣ ሻንጣ ነው ብለው ጠየቁት። ራሱን ወዘወዘ። ግራ እጁን ከፍራሹ አነሣና ሆዱ ላይ አሳረፈው። እዚያው እንደተወው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። እሳቸው መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። እኔም የታጠፈውን ጨርቅ ፈትቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ። ስለ ሰዋስው ሌላ አላወራንም።

እኔ ምንም አልጠይቅሽም እታለም። የምትነግሪኝ ካለ ትነግሪኛለሽ፤ ባትነግሪኝም እህቴ ነሽ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ነገር ደግሞት አያውቅም። እንቅልፉ ረዝሟል፤ ፊቱም ለስለስ ብሏል። ትናንት ሾርባውን ሳጎርሰው ግን በእኛው ቋንቋ «ነይ» አለ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ቃል ነው። እኔ ክንዱ ሥር ተቀምጫለሁ፤ እሱ የሚያየው በሩን ነው። ሐኪሙን ስለሚመጣው ወር ብጠይቀው የመለሰልኝ ስለዚህ ሳምንት ነው።

መኪናዬን ወደ ሳሎን ላወጣው ነው። ቦታው ሲለቀቅ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ያስነጥፋል፣ ለክቼዋለሁ። የትኛውን የፍራሽ መጠን እንደማዘጋጅ ብቻ ላኪልኝ፤ ልጆች ቶሎ ቶሎ ያድጋሉና ግምቴ ሊያንስ ይችላል።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የረገጥሽው መሬት ይመችሽ። ቤትሽ ውስጥ ካንቺ ጋር የሚተነፍሰውን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ሴትም ከሆነች ግንባሯን።

ታናሽ እህትሽ፣
ምናልባትም የአንድ ሰው አክስት